በእኔ ስም የተሰጠ አክታ

ሳል ይዞት ሦስት ሳምንት ያለፈው ሰው ይህን ጽሑፍ ከጀመረው እስከ መጨረሻው ባያነበው ቅር አይለኝም። ያስቀምጠውና ሄዶ ይመርመር። ወሬው የትም አይሄድበትም፣ ተመልሶ ይጨርሰዋል። ለቀራችሁት እንደሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ።

በሰፈራችን የምታወቀው «የሳንባ ነቀርሳ ይዟት የዳነችው አስካለ» እየተባልኩ ነው። ልጅ ያሳላት እናት ታስጠራኛለች። እሄድና መድኃኒቱ ዓመትም ቢፈጅ እንዳይቋረጥ፣ መስኮት እንዲከፈት፣ የታመመ ሰው እንዳይገለል እመክራለሁ። ይመርቁኛል። ምርቃቱን አሜን ብዬ እቀበላለሁ፣ ግን አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የምነግራቸው እንዴት እንደዳንኩ ብቻ ነው። በሽታው እንዴት እንደተገኘብኝ ጠይቀውኝም አያውቁ፣ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሶማሊያ ጦርነት ካበቃ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ጥጥ ፋብሪካ፣ ፈተላ ክፍል እሠራ ነበር። አባቴ በምድር ባቡር ሲሠራ ኖሮ የሞተ ሰው ነው፤ ከእናቴ ጋር ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ነበረን። ግርማ የሚባል የባቡር ጥገና ሠራተኛ ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሎ ነበር። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ተቆርጧል። ይህችን ሠርግ ልብ በሉልኝ፤ ያጠፋሁትን ሁሉ ያጠፋሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ፈተላ ክፍል የማይስል ሰው አልነበረም። ብናኙ ቅንድባችን ላይ ተቀምጦ ከፈረቃ ስንወጣ ሁላችንም አሮጊት መስለን ነበር የምንወጣው። ሰኞ ሰኞ ደረታችን ይታፈናል፣ ሳምንቱ ሲገፋ ይለቀናል፣ እሑድ ደግሞ ጨርሶ ይተወናል። የጥጥ ሳል አመሉ እንዲህ ነው። የእኔ ግን እሑድም አልተወኝም። ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

ለብናኙ የምናውቀው መድኃኒት ወተት ነበር፣ ያውም የግመል። የጉሮሮን ጥጥ ጠርጎ ያወርዳል ይባላል። እናቴ የግመል ወተት የቀመሰ ክርስቲያን ከእምነቱ እንደወጣ ነው የምትቆጥረው፤ ስለዚህ እኔና መሰሎቼ ፋብሪካው በር ላይ ጠጥተን፣ አፋችንን ጠርገን ነበር ወደየቤታችን የምንገባው። የምትሸጥልን ፋዱማ ነበረች።

ፋዱማ ከቢዮ አዋሌ በኩል የመጣች፣ ከእኔ በአንድ ወይ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ረጅም ሴት ናት። ጦርነቱ ባሏንም ግመሎቿንም ስለወሰደባት፣ አያን የምትባል ትንሽ ልጇን አዝላ ከተማ ገባች። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር፣ በጆንያና በካርቶን በተሠራች ቤት ትኖር ነበር። እህቷ ከቢዮ አዋሌ ወተት ትልክላታለች፣ እሷ ደግሞ ጎህ ሲቀድ የፋብሪካው በር ላይ ትደርሳለች። አማርኛዋን የለቀመችው ከእኛ ነው። እኔን «አባዮ» ትለኝ ነበር፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ለሁላችንም የምትቀዳበት አንድ ጣሳ ብቻ ነበራት፤ እኔ ከጠጣሁ በኋላ የቀረውን እሷ ትጨልጠዋለች። ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እኔ እየሳልኩ እሷ እየሳቀች፣ ፊሽካው እስኪነፋ እናወራለን።

ጥር ላይ የጀመረኝ ሳል መጋቢትን ያዘ። ወደ ማታ ወደ ማታ ትኩሳት ይመጣብኛል፣ ሌሊት በላብ እጠመቃለሁ። ግን ድሬ ላይ ላብ የበሽታ ምልክት ይሆናል እንዴ? ሁሉም በየግቢው አልጋ አውጥቶ በሚተኛበት ሙቀት የእኔን ላብ ማን ለይቶ ያየዋል? እናቴ የነቃችው በዚያ ሙቀት ጋቢ ስደርብ አይታ ነው። ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ድሬሰሩ ገና ፈተላ ክፍል ነኝ ስለው የጥጥ ብናኝ ነው ብሎ የሳል ሽሮፕ ሰጠኝ። ሌላ ቦታ ወባ ነው ተብዬ የወባ ክኒን ዋጥኩ፤ ድሬ ላይ ያተኮሰው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው። ሦስተኛው ቦታ የሳንባ ምች ብለው ፔኒሲሊን ወጉኝ፣ ለአንድ ሳምንት ቀለል አለኝና ተመልሶ መጣ። ማናቸውንም አልወቅስም። ሁሉም የሚያውቁትን ሰጡኝ። ቀሚሴ በወገቤ ላይ መዞር ሲጀምር መርፌ ይዤ አጠበብኩት፣ ግርማም እንዳያይ ከላይ ሹራብ ደረብኩበት።

የምፈራውን ስሙን አውቀው ነበር። የእናቴ እህት በጡት ነቀርሳ ነው የሞተችው፣ ስትሞት አጠገቧ ነበርኩ። ያኔ ዛሬ ካንሰር የምንለውንም የሳንባውንም በሽታ በአንድ ስም ነበር የምንጠራቸው፤ እናቴም ነቀርሳ ሁሉ አንድ ነው፣ የያዘውን አይለቅም ብላ ታምን ነበር። የሳንባው መድኃኒት እንዳለው በሰፈራችን የሚያውቅ አልነበረም። የምናውቀው የያዘው ሰው ብርጭቆው ተለይቶ፣ አልጋው ጓሮ ወጥቶ፣ እህቶቹም ባል አጥተው እንደሚቀሩ ነው።

ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ከተማው በሙሉ ይስል ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ሳል፣ በስኳር ሰልፍ ሳል፣ በቤተክርስቲያን ሳል። አንድ ቀን የጤና ሰዎች ፋብሪካችን መጡና ሰበሰቡን። ረሃቡና መጨናነቁ፣ ከግንባር የተመለሰው ወታደርና የተፈናቀለው ሕዝብ አንድ ላይ ማደሩ በሽታውን እንዳበዛው፣ ቶሎ ከተገኘ ግን እንደሚድን ነገሩን። የፈተላ ክፍል ሠራተኛ በሙሉ የጠዋት አክታ ይዞ እንዲመጣ ስማችን የተለጠፈባት ክዳን ያላት ብልቃጥ ታደለን። «እንደሚድን» ያሉትን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። የሰማሁት ከእነሱ ቀጥሎ የተነሣውን የፋብሪካውን ካድሬ ነው። በሽታውን የሚደብቅ ምርትን የሚያደናቅፍ አሻጥረኛ ነው አለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ብልቃጧን በነጠላዬ ሥር ይዤ ከሁሉም ቀድሜ በር ላይ ደረስኩ። ፋዱማ ዕቃዋን እያወረደች ነበር። የምፈልገውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች።

«ምራቅ ደግሞ ይለመናል እንዴ? ለምን የራስሽን አትሰጪም?»

«ታምሜ እንደሆነስ? ሠርጌ ደርሷል።»

«እኔስ ታምሜ እንደሆነ?»

«አንቺማ ቢዮ አዋሌ ድረስ በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ ምን ይነካሻል» አልኳት።

ይህን ስላት ከሁለት ሳምንት ጀምሮ እሷም ትንሽ ትንሽ እንደምትስል አውቃለሁ። ብርድ ነው ብላኝ ነበር፣ ብርድ ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። ለመርማሪው የሚሆን አክታ ያገኘችውም ያ ሳል ስለነበረባት እንደሆነ ያኔውኑ ማሰብ ይቻል ነበር። አላሰብኩም፣ ማሰብ አልፈለግኩም። እሷ ግን «ሀዬ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ዞር አለችና ብልቃጧን መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያ እንደ ወትሮው ወተት ቀዳችልኝ።

በሳምንቱ ተጠራሁ። ዝርዝሩን የያዘው ድሬሰር በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አክታሽ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ተገኝቷል አለኝ። አይዞሽ አለኝ። ውሃ ሰጠኝ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም የእኔ አክታ አይደለም ብል ማን ነው ብለው እንደሚጠይቁኝ፣ ቀጥለውም ለምን ብለው እንደሚጠይቁኝ። ፋዱማን አላሰብኳትም። እውነቱን ለመናገር በቁሜ የመጣልኝ የራሴ ጉዳይ ብቻ ነው።

ለራጅ ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። ራጁ ቀኝ ሳንባዬ ላይ እንደ ባዘቶ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር አሳየ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁለታችንም ታመናል። የተሰጠው አክታ የእሷ ነው፣ የተፈረደው ፍርድ ግን ለእኔም ትክክል ነበር። እሷ ባትተፋልኝ ኖሮ የእኔው አክታ ያጋልጠኝ ነበር፣ ያው ሆስፒታል፣ ያው አልጋ። ያ ሁሉ ማጭበርበር ለእኔ ያተረፈልኝ ምንም ነገር የለም።

መድኃኒቱ ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ዓመት እስኪሞላ ክኒን ነበር። ፋብሪካው የሕመም ፈቃድ ሰጠኝ። ለግርማ በእናቴ በኩል ላክሁለት፤ ቃሉን መልሼለታለሁ፣ ሌላ ይፈልግ አልኩ። በዚያው ቀን ቀትር ላይ በብስክሌቱ መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሕክምናው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ዓመት አልኩት።

«ዓመትማ ምን አላት» አለ። ከዚያ ስለ ብስክሌቱ ጎማ ማውራት ጀመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መርፌው የሚወስደኝ እሱ ነበር፣ ከኋላው ኮርቻ ላይ አስቀምጦ። እሱን ላለማጣት ብዬ ነው ያን ሁሉ ያደረግኩት፤ እሱ ደግሞ የትም የሚሄድ ሰው አልነበረም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ፋዱማ ቤታችን መጣች። ሠራተኞቹን ጠይቃ ነው ያገኘችው። የወተት ዕቃዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም እናቴ ሽታውን አውቃው ፊቷ ተለዋወጠ። ግን ሰው እየጠየቀን ባልነበረበት ጊዜ ደጃችንን የረገጠችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እናቴም ግቢ አለቻት። ግርማ አጠገቤ ተቀምጧል። ፋዱማ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«አባዮ፣ የእኔ እንትንስ? ምን አሉ?»

«ንጹሕ ነው አሉ» አልኳት። «እኔን ያገኙኝ በራጅ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ደረቷን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገች።

ስንት ጊዜ ወደዚያች ደቂቃ እንደተመለስኩ ቁጥር የለውም። ግርማ እንዳይሰማ ነው እላለሁ። ካድሬው አሻጥረኛ እንዳይለኝ ነው እላለሁ። እሷን ላለማስደንገጥ ነው እላለሁ፣ ይኼኛውስ ውሸት ነው። ነገ ብቻዋን ሳገኛት እነግራታለሁ ብዬ ነበር። አማርኛ ሲተርት በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል። የሌላውን ሰው በሽታ ለደበቀ ምን እንደሚገኝለት ግን ተረቱ አይናገርም።

የመርፌው ቦታ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ሥር ያለ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። አንድ እጁን ግንባር ላይ ትቶ የመጣ ወታደር፣ ከስደተኞች ካምፕ የመጡ እናቶች፣ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ፍሬን ያዥ፣ ሁላችንም ተራችንን እዚያ እንጠብቃለን። ፍሬን ያዡ ሰው በሳለ ቁጥር «መጣ፣ ባቡሩ መጣ» እያለ ሁላችንንም ያስቃል። መርፌው ጆሮዬን ያስጮኸው ነበር፣ እግሬም ይዝላል። ቢሆንም እዚያ ወንበር ላይ ብርጭቆዬን የሚለይብኝ ሰው ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ ብቀመጥ አልጠላም።

ሐኪሙ ወጣትና ችኩል ነበር፣ ግን ደግ ሰው ነው። በሽታው በዋናነት በትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ ጣሳና ማንኪያ ያን ያህል እንዳልሆኑ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ መሳል ግን እንደሚያስተላልፍ አስረዳኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣና ከእኔ ጋር የሚውለውን ሰው ሁሉ እንድነግረው፣ ሁሉም እንደሚመረመሩ ነገረኝ። እናቴን አልኩ። ግርማን አልኩ። አጠገቤ የሚሠሩ ሁለት ሴቶችን ስም ሰጠሁ። ሌላስ አለኝ። ሌላ የለም አልኩ። አራቱም ተመርምረው ምንም አልተገኘባቸውም።

ፋዱማ በሳምንት ሁለት ቀን መምጣቷን አላቋረጠችም። የወተቱን ዋጋ ስንሰጣት ለታመመ ሰው አይሸጥም ብላ እምቢ አለች። እናቴ የነፍስ አባቷን ጠይቃ ለመድኃኒት ከሆነ ምን ይደረግ ስለተባለች ዝም ብላ ታፈላልኝ ጀመር። ሥጋዬ ተመለሰ። ግርማ ብስክሌቱ ከበደኝ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የፋዱማ ሥጋ ግን ሲሄድ በዓይኔ እያየሁ ነው። ገና መንገድ ላይ ሳለች ሳሏን ሰምተን መምጣቷን እናውቃለን። እናቴ እንኳ አላስችል ብሏት አንድ ቀን ታይተሽ አትመጪም ወይ ልጄ አለቻት።

«እኔማ ተመርምሬያለሁ እማማ» አለች ፋዱማ። «ወላሂ ንጹሕ ነኝ።»

ይህን ስትል እኔን አየችና ሁለታችን ብቻ እንደምናውቀው ቀልድ ፈገግ አለችልኝ። ወተቱ እጄ ላይ ነበር። ጠጣሁት። አልነገርኳትም።

መርፌዬን የጨረስኩ ሰሞን ፋዱማ ቀረች። አንድ ሳምንት ጠበቅኳት፣ ሁለተኛው ሲሞላ እንቅልፍ አጣሁ። ለግርማ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብልቃጧን፣ ውጤቱን፣ ንጹሕ ነው ያልኩትን። ተቀምጦ ሰማኝ። ሲያመሰግነኝም ሲቆጣም ዓይኑን አይሰብርም ነበር፣ ያን ቀን ግን መሬት መሬት አየ።

«ሁለት ወር ሙሉ ይዘሽው ነው?» አለ። ቆይቶም «ተነሺ፣ ቤቷን አሳዪኝ» አለኝ።

ደቻቱን በአሸዋው ተሻግረን ሄድን። አያን ባዶውን የወተት ዕቃ ታቅፋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ፋዱማ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። አጠገቧ ያቺ ጣሳ አለች፣ ውስጧ ደም ነበረበት። ስታየኝ ልትነሣ ሞከረች፣ ወተት ስላላመጣች ይቅርታ ጠየቀችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩና አክታሽ ንጹሕ አልነበረም፣ በሽታው የተገኘው ባንቺ ላይ ነው፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ አልኳት። ግርማ በር ላይ ቆሟል። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አያንስ?» አለች።

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። እሷንም እናስመረምራታለን አልኳት። «እንሂድ» አለች።

በጋሪ ወሰድናት። በመንገድ ላይ ለሐኪሙ ሁሉንም እንደምናገር ለራሴ ማልኩ፣ ከታሰርኩም ልታሰር ብዬ። ሆስፒታል ደርሰን የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስሟን ጻፈ፣ አድራሻዋን ጻፈ። ከዚህ በፊት በዚህ በሽታ ተመርምራ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ፋዱማ ዞራ አየችኝ። አፌን ከፈትኩ።

«አላውቅም» አለች፣ ቀድማኝ። «አንድም ቀን ተመርምሬ አላውቅም።»

ሠራተኛው ጻፈው። እኔም ከፍቼው የነበረውን አፌን ዘጋሁት።

ሐኪሙ ራጇን ብርሃን ላይ ይዞ አገላብጦ አየው። ኋላ እኔን ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ። ምነው እነዚህ ሰዎች ትንሽ ቀደም ቢሉ፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት አንድ ጊዜ አክታዋን ብታሳየን ኖሮ እንደ አንቺ በእግሯ እየሄደች ትድን ነበር አለኝ። እየነገረኝ ያለው በምሬት ነው፣ ጥፋቱንም በእሷ አለማወቅ ላይ ነበር ያደረገው። ግርማ ከጎኔ ቆሞ ይሰማል፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። እኔ የሲሚንቶውን ወለል እያየሁ እውነት ነው አልኩ።

አሥራ ስምንት መርፌ ወሰደች። በየቀኑ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ትኩሳቱ ቀለል ብሏት ሳገኛት ለካርድ ሠራተኛው ለምን እንዲያ እንዳለችው ጠየቅኳት። ለእኔ ብላ ያደረገችው መስሎኝ፣ ይቅር እንዳለችኝ ልሰማ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«አንቺ ብትታሰሪ አያንን ማን ያሳክምልኛል?» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስሄድ አልጋው ባዶ ነበር።

አያን አንገቷ ላይ እጢ ነበራት፤ የዚያው በሽታ የልጆች መልክ ነው አሉን። መድኃኒት ተጀመረላት። የፋዱማ እህት መጥታ ወደ ቢዮ አዋሌ ወሰደቻት፣ እኔም ዓመት እስኪሞላ በየወሩ ክኒኗን ይዤ በጭነት መኪና እየተሳፈርኩ እሄድ ነበር። አንድም ወር አላጎደልኩም። ሰው ይህን ሲሰማ ያመሰግነኛል። የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት፤ እናቷ አፌን ዘግታ የገዛችው ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ዳነች። እኔም ዓመቴን ጨርሼ ዳንኩ፣ ከግርማም ተጋባን። ጥሩ ባል ነው። ስለዚያ ቀን ኮሪደር አንድም ጊዜ አንሥቶብኝ አያውቅም፤ አንዳንዴ ቢያነሣብኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ።

አያን ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጣለች፣ ከከተማው ነጋዴ ጋር በአራት ቋንቋ ትከራከራለች። እኔን በአክብሮት አዴ አስካለ ትለኛለች። «እናቴን ሆስፒታል ያደረሰች ሴት» እያለች ለጎረቤቶቿ ስታስተዋውቀኝ ብዙ ዓመት ዝም ብዬ ሰማኋት። ባለፈው ዓመት ግን ሱሪ እያጣጠፈች ሳለ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ለእናንተ አሁን የነገርኳችሁን በሙሉ ነገርኳት። ማጣጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ ያጣጠፈችውን መልሳ ዘረጋችውና እንደገና ታጥፈው ጀመር።

«እናቴ አውቃ ነው የሞተችው?»

«አዎ። ነግሬያታለሁ።»

«የምርመራው ወረቀት ላይ ግን ያለው ያንቺ ስም ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያው አስተካክዪው» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ አትምጪብኝም አላለችም። ገዢ መጣና ተነሣች።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኩ። የዚያ ዘመን መዝገብ የለም፤ ምስጥ በላው አሉኝ፣ ሌላው ደግሞ ጎርፍ ወሰደው አለኝ። ስለዚህ ማስተካከል የምችልበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ እዚህ አስተካክለዋለሁ። የምታነቡ ሰዎች የራሳችሁን አክታ በራሳችሁ ብልቃጥ ስጡ። ከታመማችሁ ፊት ለፊታችሁ ለሚቀመጠው ሰው በዚያው ቀን ንገሩት፤ የምትፈሩት ነገር እንደ እኔው ላይመጣ ይችላል። ቢመጣም ይምጣ።

በዚያች ሐሙስ ጠዋት፣ ፈተላ ክፍል፣ በአስካለ ስም የተሰጠው አክታ የፋዱማ ነበር። በሽታው በጊዜ ተገኝቶባታል። ያልነገርኳት እኔ ነኝ።